ክቡር አስተያየትና የተሰበረው ደረጃ

ስልጠና ባለበት ሁሉ እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አለ። አዳራሹ ይቀየር፣ አሰልጣኙ ይቀየር፣ ርዕሱ ስለ ንብ እርባታ ይሁን ስለ እሳት ማጥፊያ፣ እሱ አይቀየርም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ይቀመጣል። አሰልጣኙ ውሃ ሊጎነጭ ጎንበስ ሲል ብድግ ይላል። «ጥያቄ አይደለም፤ አስተያየት ነው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

የአካል ጉዳት ካሳ ጠበቆች ፈቃዳቸውን ለማሳደስ በየዓመቱ በሚወስዱት ስልጠና ላይ ይህን ዙፋን የያዙት አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ነበሩ። በፊታቸው «ጋሼ» ይባላሉ፤ በሌሉበት «ክቡር አስተያየት»። የስልጠናው አስተባባሪ ግን በሌሉበትም አትጠራቸውም፤ የጠሩት ነገር እንዳይመጣ ብላ።

አስተባባሪዋ በጠበቆቹ ማኅበር ውስጥ በዓመት ውል የምትሠራ ሴት ናት። ውሏ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው። መታደስ አለመታደሱ ደግሞ ይህ የአራት ቀን ስልጠና ያለ ኮሽታ በማለቁ ላይ ተንጠልጥሏል። ክቡር አስተያየት ባሉበት ያለ ኮሽታ ያለቀ ነገር ግን እስካሁን አልታየም።

ሰኞ ስልጠናው ሃያ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ሲጀመር፣ ሃያ ሁለቱ ደቂቃ ለፈቃዱ ከሚቆጠረው የሁሉም ሰው የስልጠና ሰዓት ላይ እንዲቀነስ ጠየቁ። «የራሴም ይቀነስ!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። ሌሎቹ ሰባ ዘጠኝ ጠበቆች በዓይናቸው ገደሏቸው። ማክሰኞ ስለ አከርካሪ ጉዳት ሊያስረዳ የመጣውን ሐኪም ስለ አከርካሪ አስረዱት። ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አላበው፤ በመጨረሻ ማስታወሻ ያዘ።

ሰው የሚያዩት በመቶኛ ነው። ጉዳትን በመቶኛ መገመት ለሁሉም ጠበቆች የእንጀራ ጉዳይ ቢሆንም፣ እሳቸው በሻይ ሰዓትም አያርፉም። የጽዳት ሠራተኛዋ እያነከሰች ስታልፍ አስቆሟት።

«እትዬ፣ ይሄ ጉልበት ከአሥራ አምስት በመቶ አያንስም። የት ነው የወደቁት?»

«ኧረ ከተፈጥሮዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ያዋለደችዎትስ ማን ነበረች?»

ነገር የመጣው ረቡዕ ነው። አዳራሹ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከላይ ሲወርዱ የሦስተኛው ደረጃ ጠርዝ ተሰብሯል። ሰኞ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ይህን ለአስተባባሪዋ ነግራት ነበር። «አሁኑኑ ወረቀት እለጥፍበታለሁ» አለች አስተባባሪዋ። ከዚያ የስም ዝርዝሩ፣ ከዚያ ማይክሮፎኑ፣ ከዚያ የጠፋው የፕሮጀክተር ገመድ… «ተጠንቀቁ» የሚለው ወረቀት ተጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ ቀረ።

ረቡዕ ለሻይ ሲወጡ ክቡር አስተያየት ፊታቸውን ወደ አሰልጣኙ አዙረው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ እየተከራከሩ ይወርዱ ነበር። «አንድ ነገር ላርምህ» አሉና ጠፉ።

አስተባባሪዋ ክው አለች። ይበልጥ ክው ያለችው ግን ከዚያ ቀጥሎ ባየችው ነው። ሰባ ዘጠኝ የጉዳት ጠበቃ ቆሞ እያየ፣ ለወደቀው ሽማግሌ አንድ እጅ አልተዘረጋም! አንዱ የተሰበረውን ጠርዝ ፎቶ ያነሳል። አንዱ በስንዝሩ ይለካል። አንዷ «ያየ ሰው ስሙን ይስጠኝ!» እያለች ትጮኻለች። ሦስቱ ደግሞ የአድራሻ ካርዳቸውን በሽማግሌው ኪስ ከተቱ። ጎንበስ ብላ «አይዞዎት» ያለቻቸው እያነከሰች የደረሰችው የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች።

የማኅበሩ ዳይሬክተር እየሮጡ መጡ። አንድ ወጣት ጠበቃ ደብተሩን ገልጦ፣ «ደረጃው መሰበሩን ቀድሞ የሚያውቅ ነበር?» አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ መሬት መሬት አየች። አስተባባሪዋ ዳይሬክተሩን አየች፤ ውሏ ትዝ አላት።

«ጻፍ!» የሚል ድምፅ ከመሬት መጣ። «ወደ ኋላ ነበር የምወርደው። አፌ እንጂ ዓይኔ ሥራ ላይ አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጋሼ! ተጎጂ እንዲህ ብሎ ቃል ይሰጣል እንዴ?»

«የወደቅኩት እኔ፣ የምታውቀው አንተ? ጻፍ አልኩህ!»

ወጣቱ ጻፈ።

በማግስቱ ስልጠናው እንዳበቃ አስተባባሪዋ ሆስፒታል ሄደች። ቁርጭምጭሚታቸው በጄሶ ታስሯል፤ እሳቸው ነርሷን ስለ ትራስ አነጣጠፍ ያርሟታል።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ነርሷ ስትወጣ። «ስለ ደረጃው አውቅ ነበር። ሰኞ ተነግሮኛል።»

«አውቃለሁ።»

«ምን አሉኝ?»

«የጽዳት ሠራተኛዋ ስትነግርሽ ከኋላችሁ ቆሜ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያቺን ደረጃ እየዘለልኩ ነው የወረድኩት። አደጋውን እያወቀ የወደቀ ሰው ማንን ይከሳል?»

ከሰማይ በታች ባለ ነገር ሁሉ ላይ አስተያየት ያላቸው ሰው፣ አስተያየት በሚያስፈልገው በአንዱ ነገር ላይ ዝም ብለው ነበር!

«ታዲያ ምነው ሳይናገሩ?»

ክቡር አስተያየት ጄሶውን ጥቂት ተመለከቱት። «እኔ በሰው ፊት ካልሆነ መናገር አልችልበትም። አንቺን ደግሞ በሰው ፊት ማዋረድ… ብቻዋን ሳገኛት እነግራታለሁ አልኩ። አንቺ ግን ባየሽኝ ቁጥር ትሮጫለሽ።»

እውነት ነበር። ሁለቱንም ቀን ሮጣለች፤ አንዴማ መጋዘን ገብታ በር ዘግታለች።

ከቦርሳዋ ለዳይሬክተሩ የጻፈችውን ሪፖርት አውጥታ አነበበችላቸው። «ሰኞ ተነግሮኝ ምልክት አልለጠፍኩም» ይላል። ውሏን በገዛ እጇ እንደ መቅደድ ነበር። ሽማግሌው እስክሪብቶ ጠየቁ። ሁለት ቦታ አረሙ፤ ከግርጌው «እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

«ሂጂ ስጪያቸው። ካባረሩሽ ጠበቃሽ እኔ ነኝ። ይህንንም ሳትረሺ ንገሪያቸው።»

ነገረቻቸው። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡ። ክቡር አስተያየት ችሎት ፊት፣ በተቃራኒው ወገን ቆመው ሳይታዩዋቸው አልቀረም፤ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ማስጠንቀቂያ ጻፉላት፣ ውሏን አደሱላት፣ ግንበኛ አስጠሩ።

«ለመሆኑ ሽማግሌው መቼ ነው የሚነሱት?»

«ስድስት ሳምንት ብለዋል።»

«ተመስገን!» አሉ ዳይሬክተሩ ወንበራቸው ላይ ዘና ብለው።

አስተባባሪዋ በራሷ ደንግጣ ነበር፤ ስድስት ሳምንት ረዝሞባት።