ከቡና ጋር የተሳፈረ ትምባሆ

አንባቢዬ፣ አዋቂ ነኝ ከሚል መንገደኛ ጋር ተሳፍረው ያውቃሉ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተሳፍሬአለሁ፤ ሰውየው ራሴ ነኝና።

በቴፒ የቡና እርሻ ስሠራ፣ «ቡና ሽታ ይስባል፤ ከሳሙና አጠገብ እንኳ አታስቀምጡት» እያልኩ ሠራተኛውን ሁሉ አሰልችቻለሁ። ታዲያ አዲስ አበባ ወደምትኖረው ልጄ በአውሮፕላን ልሄድ ስነሣ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ማጨስ ትቻለሁ ብዬ ምዬላት ነበርና፣ ሽታው እንዳያጋልጠኝ ከጌጫ ገበያ የገዛሁትን ጥቅል ትምባሆ ለእርሷ በያዝኩት ጥሬ ቡና መካከል ቀበርኩት።

የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ከረጢቱን ከፍታ አሸተተች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለግል ፍጆታ የሚውል የደረቀ ቅጠል ነው» አልኩ በክብር።

«ትምባሆ ነው አይሉም? እሱ እኮ አልተከለከለም! ምን አስደበቀዎት?»

ሳቀችና አሳለፈችኝ። ልጄ ቤት እንደ ደረስኩ ትምባሆውን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፤ ቡናውን በኩራት አስረከብኳት። ቆልታ አፈላችው፤ አንድ ጊዜ ፉት ብላ ሲኒውን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ማጨስ ትተሃል አይደል?»

«ከተውኩ ቆየሁ።»

«እንግዲያው ቡናው ነው የጀመረው» አለችና እጇን ዘረጋች።

ትምባሆውን ከኪሴ አውጥቼ በመዳፏ ላይ ሳኖር፣ ጥብቁ ፍተሻ ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ መሆኑን ተረዳሁ።