ይቅርታ በአረፋ

ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ፊደል፣ ሌላ ምንም። የእኔ ብሎግ ለዓመታት እንዲህ ነበር። አምቦ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ማስጌጡ አቅቶኝ አልነበረም። ሰው ከመጣ ለሐሳቡ ይምጣ ባይ ነበርኩ። የሚመጣ ሰው አልነበረም እንጂ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ከኦቦ ገመቹ ጋር መጣላቴ ነው። ኦቦ ገመቹ የሒሳብ መምህር ነው፤ ስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሻይ ጠጥተናል መሰላችሁ። አንድ ቀን መምህራን ክበብ ውስጥ እንጭኒ ገበያ ስለገዛው በግ ያወራል። በጉ ገመዱን በጥሶ፣ እሱ በጉን ሲያባርር፣ ሰው ሁሉ ሊስቅ አፉን ከፍቷል። እኔ ደግሞ ምን አገባኝ? «በጉን የገዛኸው አዲስ ዓለም ገበያ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፣ አብሬው ነበርኩ። ሳቁ እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳኝ። ሦስት ወር ሙሉ።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ሽማግሌ መላክ ነው። ግን በበግ የተነሳ ሽማግሌ ይላካል? የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ነገርን ከሥሩ ነው የሚይዙት፤ ከበጉ እናት ይጀምሩታል። ፊት ለፊት ይቅርታ ልበል ብል ምላሴ ይተሳሰራል። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ሰውዬው ናፍቆኛል፤ ሻዩም አልጥም ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ይቅርታዬን ብሎጌ ላይ ጻፍኩት። በሰፊው ጻፍኩት።

ባለቤቴ ብርቄ ገጹን አየችና የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል አለች። ይህ የደረሰው ሰው ጠበቃ ይፈልጋል እንጂ አይታረቅህም አለችኝ። ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል አልሰማህም ወይ፣ ትንሽ ፈገግ አድርገው እንጂ አለች። ጽሑፉን ግን አላነበበችውም፤ ረዘመባት።

ማስጌጥ ጀመርኩ። የእኛ አገር ሰው ፈረስ ይወዳል ብዬ መጀመሪያ የተሸለመ ፈረስ አስገባሁ። ኮምፒውተር ላይ ጥሩ ይጋልባል። ስልክ ላይ ግን ጽሑፉ መሐል ተገትሮ ይቆምና ንቅንቅ አይልም። አወጣሁት። ገጹን ብርቱካናማ አደረግሁት፤ ብርቄ ዓይኔን አለች። በመጨረሻ አረፋ መጣልኝ። የአምቦ ልጅ ሆኖ አረፋን ለማሰብ ይህን ያህል መቆየትም ያሳፍራል፤ የምንጭ ውኃችን እንኳ ዝም ብሎ አያውቅም። ትናንሽ አረፋዎች ከገጹ ሥር እየተፍለቀለቁ ይወጣሉ፤ በጣት ሲነኳቸው «ጧ» ብለው ይፈነዳሉ። ስንት እንዳፈነዳችሁ ጥግ ላይ ይቆጠራል። ቆጣሪው ትርፍ ነገር ነበር፤ እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ ማን ይመልሰኛል?

ለኦቦ ገመቹ በስልኩ ላክሁለት። በሦስተኛው ቀን ክበብ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ መጥቶ ወንበር ሳበና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አካም ጅርታ» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀኝ።

ደስታዬን ለመደበቅ ሻዬን አማሰልኩ። ስኳሩን ገና አልጨመርኩበትም ነበር።

«ጽሑፉን አነበብከው?»

«የምን ጽሑፍ?» አለኝ። «አራት መቶ አሥራ ሁለት አፈነዳሁ እኮ።»

ከዚያ አወራልኝ። መልእክቴን ሲያይ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሊከራከረኝ ነው ብሎ ሁለት ቀን ሳይከፍተው ቆይቷል። ሲከፍተው ጨዋታ ነው። ከባለቤቱ ጋር ስልኩን ሲቀማሙ ዋሉ። ሽማግሌ ልኮ የሰው ቀን ከሚያባክን እንዲህ የሚያስቅ ሰው ይሻላል አለኝ። የሻዩንም እሱ ከፈለ።

ቤት ገብቼ ጽሑፉን ከአረፋው ሥር አወጣሁና አነበብኩት። ይቅርታ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ አለ፣ እሱም መጀመሪያው መስመር ላይ። የቀረው አሥራ አራት አንቀጽ በጉ የተገዛው አዲስ ዓለም ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ፎቶ ሁሉ አያይዣለሁ።

ጽሑፉን አጠፋሁት፤ አረፋውን ተውኩት። ኦቦ ገመቹ ዛሬ ያገኘውን ሰው ሁሉ ስለ እኔ «አምቦ ውስጥ እንደ እሱ የሚጽፍ የለም» ይለዋል።