ወደ ኋላ የማይዞር እጀታ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም አይታመንም ይባላል። እኔ ደግሞ አብልጬ የምፈራው የማይታመነውን ነው።

በሕልሜ ኪስ ውስጥ ነበርኩ። የሰው ኪስ አይደለም፤ ሰፊ፣ ጨለም ያለ፣ የመኪና ዘይት የሚሸት ኪስ ነው። አጠገቤ የልጅ ልጄ ናርዶስ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። እናቷ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሆነች የምትኖረው እኔ ጋ ነው፤ ጥርሷን ገና መቀየር መጀመሯ ነው። ዓይኔን ከእሷ ላይ አንስቼ አላውቅም።

«የማን ኪስ ነው ይሄ?» አልኩ።

«የእኔ ነው፣ ወይዘሮ አስካለ» አለ አንድ ድምፅ ከላይ። «እባክዎ አይንፈራገጡ፤ ኮቴን ያጨማድዱብኛል።»

አንገቴን አውጥቼ ሳይ ኮት የለበሰ የሒሳብ ማስሊያ መኪና ነው። ወዲያው አወቅኩት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ እንዲህ ያለች በእጅ የምትዞር የኪስ መኪና ነበረችው። ጥቁር፣ ድብልብል፣ ጭብጥ የምትሞላ፣ አናቷ ላይ ትንሽ እጀታ ያላት። ላላወቃት የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ናት። በጎኗ የሚንሸራተቱትን ቁልፎች ወደሚፈልገው ቁጥር ያወርድና እጀታዋን ያዞራል። አንዴ ሲያዞር አንዴ ትደምራለች፤ ሦስቴ ሲያዞር በሦስት አባዛች ማለት ነው። ባትሪ የለ፣ መብራት የለ። ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ ትላለች። ያን ድምፅ አንድ ቀን አምኜው አላውቅም። ሆዱን ሳያሳይ የሚያስብ ነገር ምኑ ይታመናል?

ባለ ኮቱ ግን አናቱ ላይ እጀታ አልነበረውም። እጄን ወደ ራሴ ብሰድ ከሻሼ ሥር ብረት ነካሁ። የናርዶስም ሹሩባ መሃል ላይ አንዲት ትንሽ እጀታ በቅላለች።

«ምን አደረጋችሁን?»

«ተራ ነው» አለ። «ስንት ዘመን በኪሳችሁ ይዛችሁ አዞራችሁን። ከዚያ ባትሪ የሚበሉ ጠፍጣፋ ልጆች መጡና እኛን መሳቢያ ውስጥ ጣላችሁን። አሁን በኪስ የምትገቡት እናንተ፣ የምናዞረው እኛ።»

«እና ምን ልታሰላብን ነው?»

ኮቱን ማስተካከል ያዘ። ጥርጣሬዬ ያኔ ጀመረ። ለምን እንደሆነ የማይነገር ሒሳብ ጤና የለውም።

ወዲያው ኪሱ ቢሮ ሆነ። እኔ ከመስኮቱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ናርዶስ ከጎኔ ናት። ውጭ ጸሐፊዎችና ሹማምንት ከረቫታቸውን አስረው እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል። የሚጠብቁት እኔን ነው።

የመጀመሪያው ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ነገ ተመለስ አይበሉኝ፤ ከሩቅ ነው የመጣሁት» አለ።

«ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ፣ እማማ።»

«የጀርባህን?»

«የጀርባዬን እንኳ...»

«እንግዲያው ሰኞ።»

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ። ማኅተሙ እጄ ላይ ነበር፤ አልመታሁለትም። ሁለተኛውን የሻይ ሰዓት ነው ብዬ መለስኩት። ሦስተኛውን ላመናጭቅ ቀና ስል ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ናርዶስ የለችም።

«ልጅቷን ያየ አለ?» ብዬ ጮህኩ።

ሰልፉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። እንዲህ የሚያቀረቅር የሚያውቅ ሰው ነው።

«መኪኖቹ ወደ ሰው ቆጠራ ወስደዋታል፣ እማማ» አለ ፎቶው የጎደለው። «እንግዲህ ሰኞ መባሌ ይቅርልኝ?»

ሰው ቆጠራ! እናቴ ልጆቿን ቆጥራ አታውቅም። ስንት ወለድሽ ሲሏት «እሱ የሰጠኝን» ነበር መልሷ። የተቆጠረ ልጅ ይጎድላል፤ የተቆጠረ ጥጃ እንኳ ዓይን ይበላዋል። እኔ አስኳላ ገብቼ ክፍልፋይ ድረስ ተምሬአለሁ። በዚህ ነገር ግን ከእናቴ ቃል ወጥቼ አላውቅም።

ሮጥኩ። ደረጃውን ስወጣው ወደ ታች ወሰደኝና በሽቦ የታጠረ ግቢ አደረሰኝ። ባለ ኮቱ መኪና በሩ ላይ ቆሟል።

«የተወለድኩበት ግቢ ነው» አለ።

ባለቤቴም ይህን ይነግረኝ ነበር። የዚያች የኪስ መኪና ሠሪ በፈረንጆቹ ትልቅ ጦርነት ጊዜ እስር ካምፕ ተጥሎ ነበር፤ ንድፏንም እዚያው ነው የሠራው ይለኝ ነበር።

«እስረኛ ሲቆጠር እየሰማሁ ነው ያደግኩት» አለ መኪናው። «ሌላ ጨዋታ ማን አስተማረኝ?»

«ልጄን ስጠኝ።»

«አንድ ሰው ተርፎናል፣ ወይዘሮ አስካለ። ሒሳቡ አልገጥም አለ። ትንሿ ትቀነስ ተባለ።»

«ማነው ያለው?»

«ሒሳቡ።»

«ሒሳቡን የሚሠራው ማነው?»

«እጀታው።»

«እጀታውንስ የሚያዞረው?»

ሳቀ። ቅርጭጭ።

ግቢው መሃል ናርዶስ ቆማለች። ካኪ የለበሰ ሌላ መኪና ከኋላዋ መጣና አናቷ ላይ ያለችውን እጀታ ወደ ላይ ሳብ አደረጋት። ባለቤቴ አሳይቶኛልና አውቀዋለሁ፤ እጀታዋ ዝቅ ብላ ስትዞር ትደምራለች፣ ሳብ ተደርጋ ስትዞር ትቀንሳለች።

«አይደንግጡ» አለ ባለ ኮቱ። «እኛ መቀነስ የሚባል አናውቅም። የማርሻችን ጥርስ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው። አንዱን መቀነስ ስንፈልግ እያንዳንዱን አሃዝ ዘጠኝ ለማድረስ የጎደለውን እየፈለግን እንደምራለን። ስንደምር፣ ስንደምር፣ ይጠፋል።»

«እየደመራችሁ ነው ሰው የምታጠፉት?»

«በትሕትና።»

ባለ ካኪው ማዞር ጀመረ። የልጄ ጥርሶች አንድ በአንድ ወደ ድዷ ተመለሱ። ጫማዋ ሰፋት። ቀሚሷ እግሯ ሥር ተጎተተ። ስሜን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ገና አፍ ያልፈታ ሕፃን ድምፅ ነው።

ተወርውሬ እጀታውን ያዝኩት። ግማሽ ላይ ቆመ።

«ይልቀቁት!» አለ ባለ ኮቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። «ግማሽ ዙር ላይ የቆመ ሒሳብ መልስ የለውም!»

«አይኑረው!»

«ወደ ኋላም አይመለስም እኮ! ጥርሱ ይዞታል። ወይ ዙሩን ይጨርሱት፣ ወይ እንዲሁ ይዘውት ይኑሩ።»

«ይዤው እኖራለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«አንተ እስክትዝግ።»

ናርዶስ ከእጄ ሥር እንደምንም ቀና ብላ በኮልታፋ አንደበት፣ «እማማ፣ አንገቴን አመመኝ» አለች።

«ቻይው፤ ለአንቺው ነው» አልኳትና አጥብቄ ያዝኩ። ባለ ኮቱ በብረት ጡጫው ሽቦውን ይመታ ጀመር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ነቃሁ። የሚንኳኳው የቤቴ በር ነው። ናርዶስ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ሥዕል ትቀባለች፤ ጥርሷም ጫማዋም በቦታው ነው። ተመስገን ብዬ በሩን ገርበብ አደረግኩት። አንዲት ደርባባ ወጣት ቆማለች፤ አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ ታብሌት።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ? ለመስከረም አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆችን ቤት ለቤት እየቆጠርን ነው። ቦታው ጥቂት ነው፤ ዛሬ ያልተቆጠረ መስከረም ላይ አይገባም። እዚህ ቤት ስንት ልጅ አለ?»

በሩን በሰውነቴ ሞላሁት።

«ልጅ የለም» አልኩ። «ብቻዬን ነኝ።»

«እሺ፣ እማማ» አለችና በጣቷ አንዴ ነካ አድርጋ ወደ ጎረቤት አለፈች።

ከቀሚሴ ኋላ፣ «እኔስ፣ እማማ?» የሚል ሰማሁ።