ከባጃጄ ጀርባ ያለው ጥቅስ

ባጃጅ ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም እዩ። የእኔዋ ጀርባ ላይ «አትፍራ፥ እኔ ከአንተ ጋር ነኝ» የሚል ጥቅስ አለ። የለጠፈው የድሮው ባለቤት ነው። እኔ የምቀመጠው ከፊት፤ መቼ አየዋለሁ?

ጋምቤላ ውስጥ ጥቅስ የሌለው ባጃጅ ፈልጋችሁ አታገኙም። «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው የጓደኛዬ ባጃጅ ሁሌ በግፊ ነው የሚነሳው። ይሁን። እኔ ደግሞ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አስተምራለሁ። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሳስተምር፣ የወደቀውን ሰው አይቶ ባለፈው ካህን ላይ እንዴት እንደምወርድበት ብትሰሙ! ለአፍ ዳገት የለውም።

አንድ ሰሞን በሁለት ወገን ጠብ ከተማው ከፋ። እነሱ እኛ ሰፈር አይመጡም፤ እኛም እነሱ ሰፈር አንሄድም። እኛ አገር ስምህን ከተናገርክ ወገንህን ተናገርክ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ገበያው ጥግ ምጥ የያዛትን ምራታቸውን ደግፈው እጃቸውን ዘረጉልኝ። የእነሱ ወገን መሆናቸውን ከሩቅ አወቅኩ። የሆስፒታሉ መንገድ ደግሞ በሰፈራቸው ነው የሚያልፈው። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አለፍኳቸው። አዎ፣ እኔው፣ መምህሩ።

ከኋላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«አንተ ሰው፣ ጀርባህ ላይ የጻፍከውን አንተ አታምንም ወይ?»

ጉድ በሉ! ለካ ያ ጥቅስ የሚነበበው አልፌው ለሄድኩት ሰው ነው። ፍሬን ይዤ አሳፈርኳቸው። በፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ በእፍረት ነው።

ሰፈራቸው መግቢያ ላይ ወጣቶች መንገዱን በግንድ ዘግተዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ ስሜን ጠየቀኝ። የጥምቀት ስሜ ዮሐንስ ነው። ዮሐንስ ብል ማን ያውቃል? ውሸትም አይደል። ግን ጴጥሮስም እሳቱ ዳር ቆሞ እንዲህ ሳያስላ አልቀረም።

«ኡጁሉ ነኝ» አልኩ።

ስሙን ሲሰሙ የእነሱ ወገን አለመሆኔን አወቁ። ከኋላዬ ምጥ የያዛት ታቃስታለች። ትልቋ ሴት ማማ ኛኮንግ፣ ስማቸውን ኋላ ነው የሰማሁት፣ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። እኔም እንድሰማ ብለው ይመስለኛል፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«ልጄ ነው።»

ወጣቶቹ እኔን አዩ፤ እሳቸውን አዩ። ማን ያምናል? ግን እናትን ፊት ለፊት ዋሸሽ ማለት ነውር ነው። ግንዱን አነሱት።

ምራታቸው በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። እኔስ እንዴት ልመለስ? መንገዱ ያው፣ ግንዱም ያው። እንዴት ፈራሁ መሰላችሁ! ማማ ኛኮንግ ግን ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ሳልጠይቃቸው መጥተው ተሳፈሩ። ግንዱን አሳልፈውኝ ወረዱና በዚያ ሙቀት በእግራቸው ወደ ሆስፒታል ተመለሱ።

እሁድ ራሴን ደጉ ሳምራዊ አድርጌ ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር። ታሪኩን ጀምሬ መሃል ላይ ደነገጥኩ። ለካ እኔ መንገድ ላይ የወደቀው ሰውዬ ነኝ።

ጥቅሱን ከጀርባ ላጥኩት። ያንኑ ቃል እንደገና አስጽፌ ፊት መስታወቱ ላይ፣ ወደ ውስጥ አዙሬ ለጠፍኩ። ጓደኞቼ ከውጭ የማይነበብ ጥቅስ ምን ይሠራል እያሉ ይስቁብኛል። ምን ላድርግ? የሚፈራው ያለው ውስጥ ነዋ።