ሙታንታ ከሱሪ በላይ

የሰው ልብስ አይቶ ዝም የሚል ሰው አለ? እኔ አላጋጠመኝም። ዝምተኛ ነሽ እየተባልኩ ያደግኩት እኔ እንኳ፣ ልብስ ላይ ስደርስ አፌ ባይናገር ዓይኔ ይናገራል።

ከወሎ መጥተን አሶሳ አጠገብ የሰፈርን ሰሞን የእርዳታ ልብስ ታደለን። ለእኔ ካፖርት ደረሰኝ። በዚያ ሙቀት ካፖርት! ለጎረቤታችን ለአያ ይመር ደግሞ ቢጫ ሙታንታ ደረሳቸው። አያ ይመር ሚስት የሞተችባቸው፣ ልጅም የሌላቸው፣ ግን ልጄ ስታለቅስ ከእኔ ቀድመው የሚደርሱ ሽማግሌ ናቸው። ሙታንታ አይተው አያውቁም። ደግሞስ እንደዚያ የሚያበራ ቢጫ ነገር ማን ከውስጥ ይደብቃል? ከሱሪያቸው በላይ አጠለቁትና ወደ ጋራ እርሻው ወጡ።

እርሻው በሣቅ ተናጋ። አንዱማ፣ "አያ፣ ሱሪዎን ብርድ መታው እንዴ? ደረቡለት?" አላቸው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሌላውም ተቀበለው። አያ ይመር ቤታቸው ገብተው የቀርከሃ በራቸውን ዘጉ።

በማግስቱ ቆሎ ሲቆሉ ሸተተኝና ብቅ አልኩ። ለካ ስንቅ ነው! "አገሬ እገባለሁ፣ በእግሬም ቢሆን። ከመሳቂያነት የመንገድ ሞት ይሻላል" አሉኝ። እንደዚያ ብለው ከሄዱት ውስጥ ደርሻለሁ ብሎ የላከልን አንድም አልነበረም። ልለምናቸው ፈለግሁ። ምን ዋጋ አለው፣ አፍ የለኝም።

ቤቴ ተመልሼ ካፖርቴን ላጥብ ስል ከውስጥ ኪሱ የሥዕል መጽሐፍ ወጣ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተቆረጠው፤ የፈረንጁን ፊደል ብለይም ቃሉን አላውቅም። ግን ሥዕል ምን አስተማሪ ይፈልጋል? አንድ ፈርጣማ ጎልማሳ ከፎቅ ፎቅ ይበራል። ከሱሪው በላይ ምን አጥልቋል? ሙታንታ!

ሮጬ ወሰድኩላቸው። ሴቶቹም ሩጫዬን አይተው ተከተሉኝ። ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ እኛ የፈረንጁን ሰርዶ በወሎ በሬ አረስነው።

ሰውዬው አንገቱ ሥር ጨርቅ ቋጥሮ ወደ ጀርባው ለቆታል። ሙሾ አውራጇ እቴ ፋጤ ገና ስታየው ደረቷን መታች። "ሐዘንተኛ ነው እኮ! ጥለቱን ወደ አንገቱ ገልብጦታል። የሚበረውም ለቅሶ ሊደርስ ነው!" እኛ አገር ሐዘን በነጠላ አለባበስ ይታወቃል፤ ማን ይከራከራታል? "እናቱ ትሆን?" ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ደረቱ ላይ ያለው ትልቅ ምልክትስ? እሱን እንኳ እኔ አወቅሁት። ልብሱን ከእርዳታ ዱቄት ጆንያ ሰፍቶት ነው። የልጄ ቀሚስም እንዲሁ ማኅተም አለበት።

ማንጎ ልትሸጥ የመጣችው የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታዋ ሐዋ፣ የሸክም ዘንጓን ከትከሻዋ ሳታወርድ አየችውና በኮልታፋ አማርኛዋ፣ "ይሄ ሰው ትከሻ ባዶ ነው። ሥራ የለም?" አለች።

አያ ይመር ግን ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

"ከታች የሚያዩት ሰዎች አፋቸውን ከፍተዋል። እየሣቁበት ነው?"

"ይመስለኛል፣ አያ።"

"እሱስ?"

"እሱማ ይበራል።"

ቀና አሉ። "እኛስ እዚህ በምን መጣን? በአውሮፕላን አይደለም? በሰማይ የመጣ፣ ጆንያ የለበሰ፣ ሐዘን ያለበት... ይሄ ሰው ሰፋሪ ነው!"

አለቀ። ቆሎውን ለእኛው አደሉን። በማግስቱ ቢጫውን አጥልቀው፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ለቀው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እርሻው መሐል ቆሙ። የሴት ወሬ ቀድሟቸው ደርሶ ስለነበር አንድም የሣቀ የለም። እንዲያውም ያ ብርድ መታው ያለው ሰውዬ ቀስ ብሎ ተጠግቶ፣ ሌላ ትርፍ እንዳላቸው ጠየቃቸው።

በሚቀጥለው እደላ ወንዶቹ ካፖርቱን እየረገጡ በሙታንታ ተጋፉ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ባለ አበባ፤ እርሻው ጀግና በጀግና ሆነ። አያ ይመር ግን በባዶ ሱሪ ብቅ አሉ። ክው አልኩ።

"ምነው አያ? ደግሞ ማን ሣቀብዎ?"

ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ሁሉም ከላይ ካጠለቀው እኔ በምን ልለይ? እኔማ ከውስጥ መልበስ ጀምሬያለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ይቀዱብኛል።"