የሊቀ ጠበብት ማለስለሻ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሲያይ የሚያመው። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ጃንጥላ ቢሰበር፣ የግድግዳ ሰዓት ቢቆም፣ "ይቺማ ምን አላት፣ እኔ እሠራታለሁ" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካያችሁ፣ ወይ ሰፈሩ ገና አዲስ ነው፣ ወይ ሰውየው አንድ ነገር ሊጠግን ጣራ ላይ ወጥቶ መውረጃ አጥቷል።

የእኛው ሰው አናጢ ናቸው። ለራሴ ሊቀ ጠበብት እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው የምላቸው። የእኔ ሥራ ሶፋና ወንበር ማልበስ ነው። ሱቄና የእሳቸው ወርክሾፕ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው፣ ግድግዳው ደግሞ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ስለዚህ ሊቀ ጠበብት የሚያስቡትን ሁሉ እሰማለሁ፤ ሲያስቡ ያንኳኳሉና። ጆሮዬ ሲሰለቸው ግንበኛ ጠርቼ፣ በብሎኬት እንዲሠራልኝ ግድግዳውን አስለክቼ ነበር።

አንድ ጊዜ የበራቸው ቁልፍ ተበላሸ። አዲስ መግዛትን እንደ ውርደት ቆጥረው ከብስክሌት ጥርስ፣ ከሞላና ከአሮጌ ማጠፊያ ራሳቸው ሠሩ። አስተማማኝ ቁልፍ ነበር። እጅግ አስተማማኝ ከመሆኑ የተነሳ ከውስጥ ሆነው ሲሞክሩት አልከፈት አላቸው፤ ምሳቸውን በመስኮት አቀበልኳቸው። "ጋሼ፣ ቁልፍ ሠሪ ልጥራ?" ብላቸው በመስኮቱ ብረት መሃል አፍጥጠው አዩኝ። "ሌባ አይገባም አላልኩህም?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሌባ አልገባም።

ለእኔም ተቀምጬ የምሰፋበትን ወንበር ሠርተውልኛል። በፔዳል ከፍና ዝቅ ይላል ተብሎ ነበር። ዝቅ ይላል፤ ከፍ ማለቱን እስከ ዛሬ አላየሁም። ስነግራቸው፣ "ከባዱ ዝቅ ማለቱ ነው፣ እሱን ጨርሼልሃለሁ" አሉኝ። ምን ላድርግ፣ የጠረጴዛዬን እግር አሳጠርኩ።

አንድ ነገር ግን ልመስክርላቸው። ጠማማ ነገር አይወዱም። ማዕዘን መለኪያው ስኳድራ ከኪሳቸው አይጠፋም፤ ሰው ሊጠይቁ ቤት ቢገቡ እንኳ የተንጋደደ ፎቶ ሳያቃኑ አይቀመጡም። የሠሩት ቁልፍ ላይከፈት ይችላል፤ ቀጥ ብሎ ግን ተገጥሟል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

በዚያ ወርክሾፕ ሊቀ ጠበብት ይቆርጣሉ፣ ይልጋሉ፣ ይገጥማሉ፤ የሚያለሰልሱት ግን ባለቤታቸው ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። የብርጭቆ ወረቀቱን በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልለው፣ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አድርገው እንጨቱን ያሻሉ፤ የሚያየው እጃቸው ነው። ደንበኛ የቁም ሳጥን በር በመዳፉ ዳብሶ ዋጋ መከራከር የሚረሳው በእሳቸው እጅ ነው። ያ እጅ ታመመ። አንጓው አበጠ፣ ጣቶቻቸው ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ፣ "ማሸቱን ካላቆሙ የልብስዎን ቁልፍ መቆለፍም ያቅትዎታል" አላቸው።

እሺ ብለው ቤት ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ውሃ ላድርስ፣ ቁልፍ ረሳህ እያሉ ብቅ ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ሊቀ ጠበብት ከደንበኛ ቤት ሲመለሱ፣ እትዬ ጥግ ይዘው በግራ እጃቸው ሲያሹ አገኟቸው። ንግግሩ በግድግዳው አልፎ ደረሰኝ።

"አንቺ ሴት፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?"

"ስለ ቀኙ ነው የነገረኝ።"

"ግራውንም ልትቀብሪው ነው? ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ።"

"ተቀምጬ ምን ልሁን? ልጆቹ ሄደዋል፣ ቤቱ ጸድቷል። እዚያ እኮ እኔን የሚፈልግ ነገር የለም።"

ሊቀ ጠበብት ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አንዴም አላንኳኩም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። "ጋሼ፣ የእንጨት ማለስለሻ ማሽን እኮ ተሠርቶ ይሸጣል። ይግዙላቸውና ይገላግሏቸው" አልኩ። ሊቀ ጠበብት የልብስ ማጠቢያ ሞተር እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል።

"ይቺማ ምን አላት" አሉ።

እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ። በቁልፍ ይቀለድ፣ በእኔም ወንበር ይቀለድ፤ የሰው እጅ እየሄደ ግን ምን የሚሉት ግትርነት ነው? ይህንኑ ነገርኳቸው። ሞተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ "ያን ገመድ አቀብለኝ" አሉኝ።

ሥራው ተጀመረ። ሁለት ድቡልቡል እንጨት ጠርበው ሮለር አደረጓቸው፤ አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፣ ሌላውን ሞላ ወደ ኋላ ይወጥረዋል። ጀርባው ጨርቅ የሆነውን የብርጭቆ ወረቀት ጫፍና ጫፉን በኮላ አያይዘው እንደ ቀበቶ በሁለቱ ላይ አጠለቁት። ቀበቶው ይሮጣል፣ ሰው እንጨቱን ጠጋ ማድረግ ብቻ ነው። ሮለሮቹን በስኳድራ ለክተው፣ በውሃ ልክ ለክተው፣ በዓይናቸውም ለክተው፣ ቀጥ ማለታቸውን አረጋገጡ።

የሙከራው ቀን እትዬ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው በር ላይ ቆሙ፤ እኔም ከኋላቸው። ሞተሩ ተነሳ። ቀበቶው ትንሽ ሮጠና ወደ ቀኝ መንሸራተት ጀመረ፤ ሊቀ ጠበብት ማጥፊያው ጋ ሳይደርሱ ከሮለሩ ወጥቶ በረረ። ያረፈው ግድግዳው ላይ በተደገፈ የቁም ሳጥን በር ላይ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ፈገፈገው። ያ በር እትዬ ቤት ከመቀመጣቸው በፊት በእጃቸው የጨረሱት የመጨረሻ ሥራ ነበር።

እትዬ ሄደው ጭረቱን በጣታቸው ተከተሉት። "እንደገና ይለሰልሳል" አሉ። ግን በማን እጅ?

ከዚያ በኋላ ሊቀ ጠበብት ሮለሩን የበለጠ ቀጥ አደረጉት፤ ቀበቶው ወደ ግራ ወጣ። አሁንም የበለጠ ቀጥ አደረጉት፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ኋላ ላይ ቀበቶው ሲንሸራተት፣ ቢይዘው ብለው በሮለሩ መሃል ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ጠመጠሙበት። ያኔ ቀበቶው መሃል ላይ ገብቶ ንቅንቅ አልል አለ። እኔ ላጨበጭብ እጄን አንስቻለሁ። እሳቸው ግን ሞተሩን አጥፍተው ስኳድራቸውን አወጡ።

"መሃሉ አብጧል" አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። "ይሄ ሥራ አይባልም።"

ላስቲኩን ፈቱት፤ ቀበቶው ወጥቶ ሄደ። መልሰው ጠመጠሙት፤ መሃል ገብቶ ሮጠ። ደግመው ሊፈቱት ሲሉ እትዬ ጠጋ አሉ።

"ተወው፣ አብጦ ይሥራ። ምን አስጨነቀህ?"

"ጠማማ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።"

"እኔስ እጄ አብጦ አይደል መሥራት የምፈልገው?"

ሊቀ ጠበብት ፋሻውን አዩት፣ ሮለሩን አዩት። በማግስቱ አዲስ እንጨት በማጥበቂያው ሞርሳ ላይ አሰሩና በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሆን ብለው መሃሉን ወፈር፣ ዳርና ዳሩን ቀጠን አድርገው ላጉት። ስኳድራውን ከኪሳቸው አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ከተውት ነበር፤ እንዳያያቸው መሰለኝ።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ሁለት ቦታ የተቋጠረ ገመድ ሰጡኝ። "አንዱ ቋጠሮ የመቀመጫው ከፍታ ነው፣ ሌላው የክንድ ማሳረፊያው። ለስለስ ያለ ስፖንጅ አድርግበት፤ አንጓ ላይ እንዳይጫን" አሉኝ። ገመዱን በዓይኔ ከቁመታቸው ጋር አስተያየሁት። እሳቸው በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ገመዱ የሌላ ሰው ነበር። ስፌቱን ሳላስበው ሁለት ጊዜ ደረብኩት።

እትዬ ማሽኑ ላይ የተቀመጡ ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። ክንዳቸውን እኔ ያለበስኩት ማሳረፊያ ላይ ጣል አድርገው፣ አንጓቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ያንን የተጫረ በር ወደ ቀበቶው ገፋ አደረጉት። ማብሪያ ማጥፊያው በግራ ክርናቸው በኩል ነው፤ ጣት አያስፈልገውም።

"ሱቁ ሄደን ነበር እኮ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ ሊቀ ጠበብት ውጭ እንጨት ሲያራግፉ። "አንተ ከመቆጣትህ በፊት። ማሽኑ ጥሩ ነው፤ ግን ቆሞ በሁለት እጅ ለሚጫነው ሰው ነው የተሠራው። ሞከርኩት፣ አቃተኝ። ሻጩ፣ 'ጎበዝ ሠራተኛ ይቅጠሩና እርስዎ ይረፉ' አለኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። እሱ ቤት ስንደርስ ቁጭ በይ ብሎ ቁመቴን በገመድ መለካት ጀመረ።"

እቃ ረሳሁ ብዬ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

አንድ ቀን እትዬ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሄደው ሳለ የማሽኑ ድምፅ መጣ። ብገባ ሊቀ ጠበብት ተጣጥፈው፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ፣ ያቃስታሉ። "ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት እኮ ለሁለታችሁም ይሆን ነበር" አልኩ።

"ለሁለታችን ብዬ አልሠራሁትም" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ባለፈው ሳምንት ግንበኛው ብሎኬቱን ይዞ መጣ። ዝቅ ባለው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ፤ በግድግዳው ማዶ ማሽኑ ያጉረመርማል።

"እዚህ ጋ ቀርቷል" ይላሉ እትዬ።

"የት?"

"እጅህን አምጣ፣ እዚህ።"

ማሽኑ ጠፋ። ከማንም እርማት የማይቀበሉት ሊቀ ጠበብት፣ "አዎ፣ ልክ ነሽ" ሲሉ ሰማሁ።

ግንበኛው ኮምፔንሳቶውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ "ይሄንን ዛሬውኑ ላፍርሰው?" አለኝ።

"ተወው" አልኩት። "እንዲሁ ይሁን።"