ሳሩን ማን ቀባው?

[ነቀምቴ፣ በጃንሆይ ዘመን። ቡርቃ ጃቶ ዳር፣ በእንጨት አጥር የታጠረ ግቢ በር ላይ። አበጋዝ የቤት ደላላ ነው፤ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ሽብሩ በቅርቡ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነው።]

አበጋዝ፦ ሳል! ሳል እንጂ!

ሽብሩ፦ ምን ልሳል? እርሳስም አልያዝኩ።

አበጋዝ፦ ኧረ በጉሮሮህ! እህህ በል! የሰው ደጅ ዝም ተብሎ አይገባም። ጨዋ ሰው መምጣቱን ያሳውቃል።

ሽብሩ፦ ጉንፋን የሌለበት ጨዋስ?

አበጋዝ፦ ወይ ጣጣ! ተወው፣ እኔ እስልልሃለሁ። [ይስላል] እህህ! እህህ!

ሽብሩ፦ እግዜር ይማርህ።

አበጋዝ፦ አልታመምኩም! ስማኝ፣ ቤት ማየት ወግ አለው። ግድግዳ አትደብድብ፤ ጓዳ ጓዳውን አትይ፤ ቤቱን አታሞግስ፣ ኪራይ ታስጨምርብናለህ። ደግሞ ደላላ ይቀድማል፣ ተከራይ ይከተላል።

ሽብሩ፦ ለምን?

አበጋዝ፦ ጣሪያ ቢወርድ፣ ወለል ቢሰምጥ በእኔ ይሁን ብዬ ነዋ!

ሽብሩ፦ የሚወርድ ከሆነ ሌላ ቤት ብናይስ፣ ጋሼ አበጋዝ? አማቴ ዛሬ ሚስቴን ይዘው በአውቶቡስ ይገባሉ። ይሄኔ አኖ ከተማን አልፈዋል። ቤት ተከራይቻለሁ ብዬ ልኬላቸዋለሁ። ከሌለ ልጃቸውን ይዘው በመጡበት ይመለሳሉ! አለቀልኝ!

አበጋዝ፦ እኔ እያለሁ? [ወደ ግቢው] ቤቶች!

ድርቤ፦ [ከውስጥ ይጮሃሉ] ሳሬ ቀባ! ሳሬ ቀባ!

ሽብሩ፦ ምን አሉ?

አበጋዝ፦ የቤቱ ባለቤት አዴ ድርቤ ናት። አማርኛ መሞከሯ ነው፣ ምስኪን፤ አፏ ላይ ይሰባበርባታል። «ሳሬን ቀባሁት» ማለቷ ነው።

ሽብሩ፦ ሳር ይቀባል እንዴ?

አበጋዝ፦ የት አገር ነው ያደግከው? የጣሪያውን ሳር ነዋ! የወለጋ ዝናብ ቀልድ መሰለህ? የተቀባ ሳር ውሃውን ያንሸራትተዋል፤ ቆርቆሮ አጠገቡ አይደርስም።

ሽብሩ፦ ጣሪያው ከዚህ ይታየኛል። መልኩ ያው የሳር ነው።

አበጋዝ፦ የሳር ቀለም ቀብታው ነዋ! ብልሃቱ እሱ ላይ አይደል?

ድርቤ፦ [ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው] ሂን ሴኒና! ሳሬ ቀባ!

ሽብሩ፦ አሁንስ?

አበጋዝ፦ «ሲኒ» አለች፣ አልሰማህም? ቡና ፈልቷል፣ ግቡ ነው።

ሽብሩ፦ የተቆጡ ይመስላሉ እኮ። ልጠይቃቸው?

አበጋዝ፦ አደራህን! አልገባኝም ያልክ ዕለት አለቀልህ፣ መሳቂያ ነው የምታደርገኝ። ተከተለኝ!

[በሩን ገፍቶ ይገባል። ሽብሩ ደጅ ይቀራል።]

ሽብሩ፦ [ጮክ ብሎ] እሜቴ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልገባኝም! ምን አሉ?

ድርቤ፦ [ጥርት ባለ አማርኛ] አትግቡ፣ ውሻ አለ ነው የምለው፣ ልጄ! በኦሮምኛ ሳሬ ውሻ ነው!

ሽብሩ፦ ጋሼ አበጋዝ! ሳሩ ውሻ ነው!

[ውሻ ይጮሃል። አበጋዝ ከውሻው በላይ ይጮሃል። ካፖርቱን ጥሎ ጎተራው ላይ ይወጣል።]

አበጋዝ፦ ኧረ በጃንሆይ አምላክ! ኧረ የሰው ያለህ!

[ድርቤ ይወጣሉ። በሩ ድረስ ሄደው የሽብሩን እጅ ይይዛሉ።]

ድርቤ፦ ኮቱ፣ ና ግባ። እኔ እጁን ይዤ ያስገባሁትን ሰው ውሻው አይነካም።

ሽብሩ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ። የሚከራይ ቤት አለ ብለውኝ ነበር። አማቴ ዛሬ ይመጣሉ።

ድርቤ፦ ውይ፣ አማት! ያንተስ ከውሻም ይብሳል። [ወደ ጎተራው እያዩ] ይሄኛውስ የምን ሰው ነው?

አበጋዝ፦ ደላላው ነኝ፣ አዴ! ነቀምቴ ስኖር ስንት ዓመቴ! ቤትሽን... ቤትዎን ላሳየው ነበር!

ድርቤ፦ እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። አትግባ እያልኩት የሚገባብኝን ሰው እፈራለሁ። ይሄ ልጅ ግን ቆሞ ጠየቀኝ። ቤቱን ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ሽብሩ፦ እውነትዎን ነው? ዕድሜ ይስጥልኝ! ነፍሴን መለሱልኝ!

አበጋዝ፦ እንኳን ደስ ያለህ! በል አሁን ውሻውን አስይዝልኝ!

ድርቤ፦ ይህን ሁሉ ዓመት ነቀምቴ ተቀምጠህ ውሻን በስሙ አታውቅም? በቋንቋችን ለምነኝ። ያንኑ ቃል መጨረሻውን ሳብ አድርገህ በል፤ «ውሻውን ይያዙልኝ» ይሆንልሃል።

አበጋዝ፦ ሳሬ ቀባኣኣ!

ድርቤ፦ አልጣመኝም፤ ድገመው።

አበጋዝ፦ ሳሬ ቀባኣኣኣኣ!

[ከወደ ከተማው የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል።]

ሽብሩ፦ መጡ! አማቴ መጡ! [ሊሮጥ ይነሳል]

አበጋዝ፦ ሽብሩ! ወንድሜ! እዚህ ተሰቅዬ ሲያዩኝ ምን ልትላቸው ነው? ስሜ ጠፋ እኮ!

ሽብሩ፦ አትስጋ፣ ጋሼ አበጋዝ። ሳር ቀቢው ነው እላቸዋለሁ።